ሽጉጡና ገመዱ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ወደ ዓለም ባንክ በሚመላለሱ ሚኒባሶች መስታወት ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ጎን፣ ሹሩባ የተሠሩት አፄ ቴዎድሮስ አይጠፉም። በቸርችል ጎዳና የመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች ደግሞ በፍየል ቆዳ ላይ ተስለው ይሸጣሉ። ገዢው የሚያውቃቸው በሁለት መልክ ነው፦ አንዱ ከአንበሶቻቸው ጋር የተቀመጡት ንጉሥ፣ ሌላው መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ንጉሥ። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ሠዓሊ አላገኘም። የኮልፌ ቀራኒዮ ጠራቢ የእኒህን ንጉሥ ውድቀት በመዳፍ በሚያዝ ምስል ሊቀርጽ ቢነሣ፣ ሽጉጡን ትቶ ሴባስቶፖል የተባለውን የንጉሡን መድፍ ጉዞ ቢይዝ ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

የሽጉጧን ቅጽበት አስቀድሞ ለማስታወሻ የሰበሰባት ድል አድራጊው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደሮች መቅደላ ሲገቡ ንጉሡን ሞተው አገኟቸው። ከፀጉራቸው ተቆረጠ፤ አስከሬናቸውም በሥዕል ተቀረጸ። የሠዓሊው ዘመዶች ያንን ፀጉር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ለለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡ፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2019 ነው። ሽጉጧ ራሷ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበረች። ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮጳውያን ሊያስፈታ ለመጣው ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ታሪኩ እዚያ ላይ ማለቁ ተገቢ ነው፤ የመጣበት ጉዳይ አልቆለታልና። እኛ ግን የራሳችንን ንጉሥ መጨረሻ በእነሱ መቁረጫ ለክተን መያዛችን ያሳዝነኛል።

ውድቀቱ የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተዋል፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ ንጉሡን የቀቡት አቡነ ሰላማ እስር ላይ እንዳሉ ሞተዋል። ዋግሹም ጎበዜ ሸፍተዋል፤ ሠራዊቱ ሌሊት ሌሊት ይከዳል። በ1860 መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ አውሮጳውያን ባለሙያዎች ያቀለጡላቸውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም። አለቱ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ በዋድላና በደላንታ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ አለፉ። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ይህን ሁሉ ወራት የመድፉን ገመድ የጎተተው በዙሪያው አገር እየከዳቸው ሳለ እሳቸውን ያልከዳ ሰው ነው። የሥልጡን አገር ሕልማቸውም፣ ሰውን የጨረሰው ቁጣቸውም በዚያ ገመድ ላይ አብረው ይታያሉ። ከእንግሊዞች ጋር አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ግን መድፉ ያንን ድካም የሚክስ ሥራ ሳይሠራ ቀረ፤ የጦር አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ።

ትንሽ ምስል አንድ ቅጽበት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ታሪክ አይሸከምም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የኖቲንግሃሙ ጌምስ ወርክሾፕ ኩባንያም የደራሲ ቶልኪንን ልብ ወለድ ሰዎች በጣት ቁመት እየቀረጸ ለሰብሳቢ የሚሸጠው በዚሁ መንገድ ነው። ከእነሱ መካከል ተስፋ ቆርጦ ራሱን በእሳት የሚያቃጥለውን ዴነቶርን በእሳቱ ብቻ ብንቀርጸው የምንበድለው ሰው የለም። የቴዎድሮስ ውድቀት ግን ከንጉሡ ሌላ ባለቤቶች አሉት፤ የጎንደር ሰው፣ ገመድ ጎታቹ፣ ከድቶ የሄደው ወታደር። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ እጅ ከመስጠት ሞትን መምረጥ ክብር ነው፣ ለምን ይሸፈናል? ክብር መሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ነገር ግን ጎንደርን ያላቃጠለ፣ ሰው ያላሰቃየ ቴዎድሮስ የተበደለ ንጹሕ ሰው ይሆናል እንጂ በገዛ እጁ የገነባውን ያፈረሰ ታላቅ ሰው አይሆንም። ያን ጊዜ ሞቱም የሚያስለቅሰው በጠላት ምክንያት ብቻ ይሆናል።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ጎታች የለውም፤ መድፍ ብቻ ነው። ጠራቢው ግን በአንድ ስንዝር ወይራ ላይ አሥር ሰው ገመድ ሊያስይዝ ይችላል፤ ንጉሡንም ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲደግፉ።