ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ምን ይያዝ?

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚበር ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የጤና ምክር አጭርና ደስ የሚል ነው። የቢጫ ወባ ክትባትህን ቢያንስ ከጉዞህ አሥር ቀን በፊት ውሰድ፣ ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርትህ ጋር ያዝ፣ ስለ ወባ ሐኪም አማክር። ካርዷ ድሮ በየአሥር ዓመቱ ትታደስ ነበር፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም ወዲህ ግን ለዕድሜ ልክ ታገለግላለች። ጥሩ ዜና ነው፣ ለሚበር ሰው።

ሆሳዕና መናኸሪያ ቆማችሁ ስታስቡት ግን ምክሩ ትንሽ ያስቃል። ከዚህ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ አይበርም። በአላባ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ሞያሌ ይወርዳል። ከዚያ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ካርድ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠይቀው ደላላ ነው፣ እሱም የሚጠይቀው ብር ነው። መናኸሪያ ውስጥ እንዲህ ያለውን መንገደኛ ታውቁታላችሁ። ሻንጣው ትንሽ ነው፣ ሸኚው ብዙ ነው፣ የሚሄደው ደግሞ “ሐዋሳ ለሥራ” ነው። ረዳቱ “አንድ ሰው የቀረው!” እያለ ሲጮህ እናትየው በነጠላዋ አፏን ይዛ ትቆማለች። ለሐዋሳ እንዲህ የሚለቀስበት አገር የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆቹን ሞኞች አድርጎ ማውራት ግን አልወድም። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ አዲስ ፎቅ አይታችሁ “የማን ነው?” ብትሉ፣ “ጆበርግ ያለው ልጅ” የሚል መልስ ትሰማላችሁ። ይህን እያየ ያደገን ልጅ በፖስተር አታስቀሩትም።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት መጣና “እህቴ፣ አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል፤ ምን ልያዝ?” አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። ጃኬት ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ተቀምጬ የማውቀውን ነገርኩት።

ከወባ ጀመርኩ። እኛ ደገኞች ነን። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ከበሽታው ጋር ብዙም አይተዋወቅም፣ ሲይዘን ይከብደናል። ምልክቱ ደግሞ ከተነከስክ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚመጣው። “ትኩሳት ከያዘህ ‘ብርድ ነው’ አትበል፣ በዚያው ቀን ተመርመር” አልኩት።

“ጫካ ውስጥ ላብራቶሪ አለ?” አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ኮንቴይነሩ አለፍኩ።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ዓለም በሙሉ ስለ ኮሮናና ስለ እጅ መታጠብ በሚያወራበት ሰሞን፣ ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ግድግዳ ሲደበደብ ሰሙ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 78 ሰዎች ነበሩበት። 64ቱ ሞተዋል። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ከዚያ በፊት ሰኔ 2004 ዓ.ም ታንዛኒያ ዶዶማ ከ40 በላይ የወገኖቻችን አስከሬን ጫካ ተጥሎ ተገኝቷል። ጥቅምት 2015 ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር፣ ታኅሣሥ 2015 ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ የተጣሉ 27 ሰዎች።

ኮንቴይነር ዝናብና አቧራ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ የዕቃ ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ የሚገድለው ሙቀቱና የኦክስጅን ማነስ ብቻ አይደለም፤ ራሳችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠራቀማል። ራስ ምታት ይጀምራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ከዚያ ሐሳብ ይምታታል፣ ጉልበት ይከዳል። ግድግዳውን መምታት እንዳለብህ የምታስበው እጅህ መምታት ሲያቅተው ሊሆን ይችላል። ይህን ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳልዘል ነገርኩት። ኬላ ላይ የሚሰማ ሰው መኖሩም ዕድል እንጂ ዕቅድ አይደለም አልኩት።

በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከሁሉም አንዱን ብቻ ጻፈ፦ የሚታሸግ ነገር ውስጥ አልገባም።

በሳምንቱ ደውሎ ደላላው በዚህ እንደተስማማ ነገረኝ። “ቃል ገብቶልኛል” አለ፣ በደስታ።

እስካሁን አልሄደም። እናቱ ግን በሬዎቹ ስንት እንደሚያወጡ እያጠያየቁ ነው።