ጡት የምታጠባ እናት ሐቅ



አንድ የመድረሳ መምህር ስለ አራስ ሴት የጡት ሕመም ብዕር ማንሣቱ አንዳንዱን አንባቢ ሊያስገርም ይችላል። እኔም ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ወረቀቱን ሁለትና ሦስት ጊዜ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ነገር ግን በሐያእ ስም ዝም ማለታችን ያስከተለውን ጉዳት በገዛ ቤቴ አይቻለሁና፣ ባለቤቴንም አማክሬ ፈቅዳልኛለችና፣ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ በረመዳን ወር ነው። የምንኖረው ጋሸና ነው። ጋሸናን የማያውቅ ቢኖር፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው፣ እኛ «የቻይና መንገድ» የምንለው አውራ ጎዳና ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ደጋ በመሆኗ መስከረም ጠብቶም ብርዱ አይለቅም። የበኩር ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ሌሊት ከተራዊሕ ሰላት ስመለስ ባለቤቴን ምድጃው አጠገብ ጎንበስ ብላ ስታጠባ አገኘኋት። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳዋለች። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። እኔም ምንም ያልሆነ መስሎኝ፣ ይልቁንም መስሎኝ እንዲቀር ፈልጌ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ እናቴ ነገረችኝ። የሁለቱም ጡቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ የግራው ይደማል። እናቴ ግን አልተጨነቀችም። «የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ጡቱ እስኪለምድ ነው። እኛስ እንዲህ ሆነን አይደል ያሳደግናችሁ?» አለችኝ። እውነት አላት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠነኛ ሕመም በብዙ እናቶች ላይ ይታያል። መሰንጠቅና መድማት ግን ችሎ የሚያልፉት ነገር ሳይሆን አንድ ነገር መበላሸቱን የሚናገር ምልክት መሆኑን ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ በደግነት ጡቱን ቅቤ ትቀባው ነበር። ሕፃኗንም ገና እንደተወለደች ቅቤ አቅምሳታለች፤ እንገሩን ደግሞ «ቆሻሻ ነው» ብላ አልባ አስደፍታዋለች። ይህን የምጽፈው እናቴን ለመውቀስ አይደለም፤ አላህ ይዘንላትና እሷም ከእናቷ የተማረችው ይህንኑ ነው።

ባለቤቴ ሕመሙን ስለፈራች ማጥባቱን ማሳጠርና ማራራቅ ጀመረች። ያን ጊዜ ጡቷ አግቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ጡት ሲጠጥር ደግሞ ሕፃን በወጉ መጉረስ አይሆንለትም፤ ጫፉን ብቻ ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ ሕመሙ ይብሳል፣ እናት የበለጠ ትሸሻለች፣ ልጅም የበለጠ ይራባል። ልጃችን ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤት መጥታ «እንጥሏ ወርዶ ነው የማትጠባው፤ ይቆረጥላት» አለች። እንጥል የሚቆርጥ ሰው በገጠሩ በኩል ይታወቅ ነበርና ለገበያ ቀን ቀጠሮ ተያዘ።

እኔም እሺ አልኩ። ቁርኣን የማስተምር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው እሺ አልኩ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች አንዱ አድርጎ እንደያዘ አላውቅም ነበር። ባልተቀቀለ ስለት የአራስ ሕፃን ጉሮሮ መንካት ደም እንደሚያፈስ፣ ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ፣ ሕፃን እስከመግደል እንደሚደርስ ለማወቅ ግን ሕግ ማንበብ አያሻም ነበር። ጭንቀት ዓይን ይጋርዳል።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤታችን መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ይመደቡ ነበር። የእኛዋም ገና ያላገባች ልጅ ነበረች። እናቴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ጡት አጥብተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«አላውቅም እማማ» አለች ልጅቱ ሳትቆጣ። «ግን ተምሬዋለሁ። እስቲ እሷ ስታጠባ ልይ፣ እርስዎም አብረውኝ ይዩ።»

እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ። ሁሉንም በኋላ ባለቤቴ አስረድታኛለች፤ እህቶች እንዲጠቀሙበት እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ሠራተኛዋ በመጀመሪያ የተናገረችው ስለ ጡቱ አልነበረም፤ ስለ አቀማመጧ ነው። ባለቤቴ በብርዱ ምክንያት ሕፃኗን በጨርቅ ጠፍንጋ፣ ራሷ ጎንብሳ ጡቱን ወደ ልጅቱ አፍ ትወስድ ነበር። «ልጅቱ ወደ ጡቱ ትምጣ እንጂ ጡቱ ወደ ልጅቱ አይሂድ» አለቻት። ጋቢ አጣጥፋ ከጀርባዋና ከክንዷ ሥር አደረገችላት። ከዚያም ሕፃኗን ከጥቅልሉ አላልታ መላ አካሏን ወደ እናቷ አዞረቻት፤ ሆድ ለሆድ ተገጣጠሙ። አንገቷ ተጠምዝዞ ሳይሆን ራሷ፣ ትከሻዋና ወገቧ በአንድ መስመር ሆነው ማለት ነው። አፍንጫዋን ከጡቱ ጫፍ ፊት ለፊት አድርጋ፣ በጫፉ የላይኛውን ከንፈሯን ነካ ነካ እያደረገች እንድትጠብቅ ነገረቻት። «አትቸኩይ። አፏን እንደሚያዛጋ ሰው እስክትከፍት ጠብቂ።» ሕፃኗ አፏን በሰፊው ስትከፍት ፈጠን ብላ ወደ ጡቱ አስጠጋቻት።

ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን መጉረስ ያለበት ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጥቁር ክፍል ብዙውን፣ በተለይም ከታች በኩል ያለውን ነው። እንዲያ ሲሆን ጫፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ የላንቃው ለስላሳ ክፍል አጠገብ ይደርስና አይጎዳም። ጫፉን ብቻ ሲይዝ ግን በምላሱና በጠንካራው ላንቃ መካከል ይቀረቅረዋል፤ ቁስሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠብቶ ሲለቅ ጫፉ ተጨፍልቆ ወይም እንደ ተቀረጸ ብዕር ሾሎ ከተገኘ፣ አያያዙ ልክ አልነበረም ማለት ነው። የሕፃኑ አገጭ ጡቱን ከነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ከተቀለበሰ፣ የመዋጡ ድምፅ ከተሰማ ግን አያያዙ ደህና ነው። የሚያም ከሆነ ችሎ መቀጠል ሳይሆን ንጹሕ ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማስለቀቅና እንደገና ማስያዝ ይገባል። ጎትቶ መንጠቅ ቁስሉን ያብሰዋል።

ቅቤውን እንድትተው ነገረቻት፤ በሳሙና መታጠቡንም እንዲሁ፣ ቆዳውን ያደርቀዋልና። ከጠባች በኋላ ጥቂት የራሷን ወተት አልባ ጫፉን ቀብታ በነፋስ ይድረቅ አለቻት። ያነሰ ከሚያመው ጡት ጀምሪ፤ የጠጠረውን ከማጥባትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሺ፣ ትንሽም አልበሽ አስተንፍሺው፤ ማስጠጋቱ ፈጽሞ ካልቻለሽ በእጅሽ አልበሽ በንጹሕ ሲኒ አጠጫት፤ ጡጦ አትልመድብሽ አለቻት። መድኃኒት አልነበረም፤ አንድም ሳንቲም አላወጣንም።

በአንድ ቀን ሁሉም ዳነ ብል እዋሻለሁ። ያን ሌሊትም ሲጀምራት አሟት ነበር፤ ግን ቶሎ ለቀቃት። ስንጥቁ ለመዳን ሳምንት ያህል ፈጀ። በማግስቱ ገበያ ሄዳ ለእንጥል ቆራጩ «ቀርቷል» ያለችው ግን እናቴ ራሷ ናት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ዓመት ስለማጥባታቸው የሚናገረውን ያን ጊዜም ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ሁለት ዓመት የሚለውን አጽንቼ እናገራለሁ። የአባት ግዴታ ምግብና ልብስ መሆኑን እናገራለሁ። እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ የሚያዝዘውን የአንቀጹን ክፍል ግን ፈጥኜ አልፈው ነበር፤ የፍቺ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበርና። በእርግጥ ዐውዱ የተፋቱትን ይመለከታል። ይሁንና ባለቤቴ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እያለች፣ ልጄን ስታጠባ እየደማች፣ እኔ ደግሞ በቅርቧ ሆኜ ሌላውን ሰው አሰግድ ነበር። ዱቄትና ልብስ አላጎደልኩባትም። ውሃ ግን እሷው ተነሥታ ትቀዳ ነበር፤ ሌሊትም ሕፃኗን የሚያቀብላት አልነበረም።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት ያለ ውሃና ያለ ሌላ ምግብ ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ስለ ምን እንደተጓደለባቸው እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ታሪክ አለው። ሕመሙን ፈርታ ዝም ያለች እናት የምትገኝበት ቤት ግን ጥቂት አይመስለኝም።

ጦርነቱ ወደ እኛ በደረሰበት በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ይህ እውቀት በእርግጥ ተፈተነ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሱቆች ባዶ ቀሩ፤ የዱቄት ወተት ማግኘት የማይታሰብ ሆነ። በእኛ ሠፈር አንዲት ጎረቤታችን በዚያ ሰሞን ወልዳ ጡቷ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ በተኩሱ መካከል ጋቢዋን ይዛ ወደ እሷ ቤት ገባች፤ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሕፃኑ ሌላ የሚበላው ነገር በከተማው አልነበረውም። ዛሬ መድረሳችን ይማራል፤ ረባሽ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጡት በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ግሎ፣ እናቲቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላት ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጥም። አያያዙ ተስተካክሎ እያለ ከጠባ በኋላም የሚቀጥል የማቃጠል ሕመም ካለ፣ በሕፃኑም አፍ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየ፣ እናትም ልጅም በአንድነት ይታከማሉ። የሕፃኑ ምላስ ከሥሩ የታሰረም እንደሆነ የሚያየው ባለሙያ ነው፤ ምላጭ የያዘ ሰው አይደለም።

ባለፈው ዓመት ያቺው የበኩር ልጃችን በተራዋ ለመውለድ ወደ እኛ መጣች። በጤና ጣቢያ ወለደች፤ እንገሩም አልተደፋም። በሦስተኛው ቀን ከመጋረጃው ወዲያ «እማ፣ አመመኝ፤ አባባ እንዳይሰማ» ስትል ሰማኋት። ጋቢዬን አውልቄ አጣጥፌ በመጋረጃው ሥር አሳለፍኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በመድረሳ 233ኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ፈጥኜ አላልፍም። ተለቅ ላሉት ወንዶች፣ ነገ አባቶች ናቸውና፣ ከላይ የጻፍኩትን በሥነ ሥርዓት እነግራቸዋለሁ። በቅርቡ የአንዱ ተማሪ እናት በማለዳ መድረሳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ኡስታዝ፣ ልጄን ምን እያስተማሩት ነው? ማታ ቡና ላይ ስለ ጡት ያወራል!» ብላ ተቆጣች። ይቅርታ ጠየቅኋትና ነገሩን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፈን አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጄ ሚስት አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው፤ ባለቤትዎ ቤት ይገኛሉ?» አለችኝ።