እያሳሳቀ የሚወስደው ኩሬ

አንባብያን ሆይ! ስለ ከተማ መዋኛ ገንዳ ሲወራ ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ማንም ቲኬት ስለማይቆርጥበት፣ በደቡብ ጎንደር በአንድ ገበሬ ጓሮ ስለሚገኝ ኩሬ ነው። ይህ ኩሬ ልጄን ሊወስድብኝ ለጥቂት ነው የተረፈው!

ጊዜው የ2010 ዓ.ም. ጳጉሜ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤ እንቁጣጣሽን ከአጎቴ ጋር ለማክበር ወረድኩ። የፎገራ ሜዳ ሩዙን ለብሶ አረንጓዴ ባሕር መስሏል። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ከፊት ለፊት ጉና አናቱን በጉም ይከናነባል። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከዚያ ተራራ ነው። የአጎቴ ቤት ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ፣ በረት፣ ከበረቱ ዝቅ ብሎም ያ ኩሬ!

ኩሬው የተቆፈረው ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ፣ "ውኃ አቁሩ" ተብሎ በአማራም በትግራይም ገበሬው ሁሉ ዶማ ባነሣበት ዘመን ነው። የብዙ ጎረቤቶች ኩሬ ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ ደለል ሞልቶት ቀርቷል፤ ፕላስቲኩም እህል ማስጫ ሆኗል። የአጎቴ ግን ጠንክሮ ዘልቋል፤ ከላይ ካለች ምንጭ ቀጭን ቦይ ስቦለት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያጠጣበታል። ስፋቱ አሥር በአሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ጥልቀቱ ግን ከሰው ቁመት ያልፋል።

በደረስን በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን እየጣሉ ጧ! ጧ! አሉ። የእኔው የከተማ ልጅ ሳቀ፤ ተከተላቸው። እኔም ከዋርካው ሥር ጠላዬን ይዤ አብሬ እስቃለሁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ ፊት ለፊቴ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ? ልጄ ልውጣ ብሎ ጠርዙን ሲይዝ ፕላስቲኩ ልጋግ ለብሶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። አንዴ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ፣ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ጩኸቱ ተቋረጠ። እኔ ተነሥቼ እስክሮጥ አንድ እረኛ መጫኛውን ወርውሮ "ያዝ! ያዝ!" እያለ ጎትቶ አወጣው። እግዜር ይስጠው!

ማታ ደግሞ የልጁ ቆዳ ሽፍ ብሎ ያሳክከው ጀመር። በሌላ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነችው የአጎቴ ልጅ ለበዓል መጥታ ነበርና አየችው። "ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ ይኼ ውኃ ለሽንኩርት እንጂ ለልጅ አይሆንም" አለችኝ። በማግስቱ እጄን ይዛ አዞረችኝ። ዝናብ ሲጥል የበረቱ እበት በቀጥታ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከብቶቹ እዚያው ይጠጣሉ፣ እዚያው ይሸናሉ። ልብስ እዚያው ጠርዝ ላይ ይታጠባል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ረግፎ ውኃውን ቡና አስመስሎታል። "እበቱም ማዳበሪያውም ለማሳው ምግብ እንደሆነ ሁሉ ለዚህ ለአረንጓዴው ልጋግም ምግቡ ነው" አለችኝ። ድንጋይ ገልበጥ ስታደርግ ደግሞ አልቅት ተለጥፋለች።

አጎቴ ይህን ሰምቶ "በቃ፣ እደፍነዋለሁ!" አለ። ሚስቱ ግን አላስጨረሰችውም። "ድፈነው እንጂ! ልጆቹ ነገ ወዴት ሊሄዱ ነው? ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ አትሰማውም?" አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እውነት ነዋ! ልጅ ውኃ ካየ ይገባል። እዚህ ብትከለክለው የክረምት ጎርፍ ውስጥ ይገባልሃል። ስለዚህ ኩሬውን መድፈን ትተን ልናስተካክለው ተነሣን።

እኔ የከተማ ሰው ነኝና መጀመሪያ ያልኩት "ምን መድኃኒት እንጨምርበት?" ነው። አጎቴ ሳቀብኝ። "አንተ ልጅ፣ ውኃ በሚጨመርበት አይጠራም፤ በሚከለከልበት ነው የሚጠራ" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ይህችኑ ቃል መተርጎም ነበር።

ከበረቱ በታች ጎርፉን ወደ ጎን የሚቀለብስ ቦይ ቆፈርን። የምንጩ ውኃ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት ደለሉን የሚጥልበት ጠጠርና አሸዋ ያለው ጉድጓድ አበጀንለት። ዙሪያውን በቀጋ አጠርን። ለከብቶቹ ከአጥሩ ውጭ ገንዳ አደረግን። የልብስ ማጠቢያውም ወደ ታች ወረደ። መጸዳጃ ቤቱ ደግነቱ ቀድሞውኑ ከኩሬው ዝቅ ብሎ፣ ከሠላሳ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ወደ ኩሬው ያዘነበሉትን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች ቆረጥን። ውኃውን ወደ ሽንኩርቱ መደብ ለቀን ፕላስቲኩን በመጥረጊያ ፈተግነው። በአንዱ ጠርዝ አፈር የሞላ ማዳበሪያ እየደረደርን ደረጃ ሠራን። ከዳር እስከ ዳርም ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ በሁለት ግንድ ወጥረን አሰርን። አንባቢዬ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ደረጃውንና ገመዱን አትርሳ! ፕላስቲክ የለበሰ ኩሬ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

ቄጠማ ልትከል ያልኩት እኔ ነኝ። ኦስትሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ክሎሪን የሚዋኙባቸው ኩሬዎች እንዳሉ አንብቤ ነበር። ግማሽ ያህሉን ለዋናተኛ፣ ግማሽ ያህሉን ለእጽዋት ይተዉታል፤ እጽዋቱ ልጋጉ የሚመገበውን ይሻሙበታል። የጣና ዳር ረግረግስ ደንገሉና ፊላው የወንዞቹን ደለል ሲያጣራ የኖረ አይደለም? የአጎቴ ልጅ ግን አሁንም አስቆመችኝ። ከረግረግ የመጣ ቄጠማ የቀንድ አውጣ እንቁላል ይዞ ይመጣል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታው ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ተመልሶ በዋናተኛው ቆዳ ሰርጎ ይገባል። የደጋው ብርድ በሽታውን ያዳክመዋል እንጂ ወደ ወረታ ዝቅ ባሉ ቁጥር ስጋቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሥሩን ብቻ ቆርጠን፣ አንድ በአንድ አጥበንና መርምረን፣ በጠጠር በሞላ ጥልቀት በሌለው ጥግ ተከልነው።

"እንዶድ ብንጨምርበትስ?" ያለ ጎረቤትም ነበር። ነገሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ግኝታቸው ለዓለም ተርፏል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ በግምት የሚደፋ ነገር አይደለም። ቀንድ አውጣ የታየበት ኩሬ ውስጥ አለመግባት፣ የገባም ሰው መመርመር ነው የሚሻለው፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በየጤና ተቋሙ የታወቀ ነው። ልጄንም አዲስ አበባ ተመልሰን አስመረመርኩት፤ ነጻ ነበር፣ ተመስገን!

የገብስ ገለባውስ? እንግሊዞች ልጋግ ከመነሣቱ በፊት በመረብ ቋጥረው ኩሬ ላይ ያንሳፍፉታል፤ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የፋርጣ ሰው ገብስ አያጣምና አጎቴ ሞከረው። እሱ ረዳኝ ይላል፤ እኔ ግን የረዳው ቦዩ ነው ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።

አጎቴ ጥራቱን የሚለካው በነጭ የብረት ሳህን ነው። በገመድ ያወርደዋል፤ አንድ ሜትር ወርዶ ከታየው ልጆቹ ይገባሉ፣ ካልታየው በሩ ይዘጋል። ዶፍ ከጣለ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። አይጠጣም፤ ቁስል ያለበት አይገባም፤ የወጣ ልጅ በንጹሕ ውኃ ይለቃለቃል። አዋቂ ሰው ዳር ላይ ሳይቀመጥም ማንም አይገባም። ጠላ ይዞ የተቀመጠ አዋቂ እንደማይቆጠር ከእኔ ተማሩ!

ሲመለስ ጎንደር ደርሰን ለልጄ የፋሲልን መዋኛ አሳየሁት። በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ይሞላል፤ ጎረምሳው ከዳር እየዘለለ ይገባበታል፤ በቀረው ዓመት ግን ባብዛኛው ባዶውን ነው። ልጄ የግንቡን ጠርዝ ጎንበስ ብሎ አየና "አባ፣ ደረጃው የት ነው?" አለኝ። ትምህርቱ እንደገባው ያን ጊዜ አወቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ከአጎቴ ጋር በብዛት የምንገናኘው በስልክ ነው። ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አውርቶ ሲያበቃ ሁሌም የምጠይቀው አንድ ነገር አለ።

"ገመዱስ?"

"ዘንድሮም አዲስ አስሬለታለሁ" ይለኛል።