ወንፊቱ የኔንም ነፋው

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም። ልጆቹ ከተኙና መብራት ካልጠፋ፣ የእራት ጠረጴዛውን ጠርጌ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ስልታዊ ዳሰሳ እየሠራን ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የነርሲንግ ተማሪ መጀመሪያ ስኪል ላብ ውስጥ በአሻንጉሊት ላይ ቢለማመድ፣ ታማሚ ፊት ሲቆም እጁ ይረጋል ወይ?

እናቴ «ስንት ዓመት አስተምረሽ፣ አሁንም ሰው የጻፈውን ነው የምታነቢው?» ትለኛለች። ጤፍ ስትነፋ ወንፊቷን አሳየኋት። «ይኸው ነው ሥራዬ» አልኳት። መስፈርቱ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ደስ ያለሽን ፍሬ ለማሳለፍ ብለሽ በኋላ ቀዳዳውን አታሰፊም።

ጽሑፎቹን ከፐብሜድና የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጀመረው ሂናሪ ሰብስበናል። ሁለት ሆነን፣ አንዳችን የሌላችንን ውሳኔ ሳናይ፣ ራያን በሚባለው ፕሮግራም ላይ «ይግባ»፣ «ይውጣ» እንላለን። ሁለተኛዋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት።

ውሳኔዎቻችንን የከፈትን ቀን አንዱ ጥናት ላይ ተለያየን። እኔ «ይግባ»፣ እሷ «ይውጣ»። ጥናቱ ከዓመታት በፊት ያሳተምኩት የራሴ ነው።

ስልክ ደወለች። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም። ከሥልጠናው በፊትም አልተለካም።»

ዝም አልኩ። ልክ ናት። ከዚያ የባሰው ትዝ አለኝ፦ የኮክሬን መመሪያ የጥናቱ ባለቤት በራሱ ጥናት ላይ አይወስንም ይላል። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ግን የራሴን ስም ሳይ እጄ ቀድሞኝ «ይግባ»ን ነካ።

«የኔን ድምፅ ሰርዢው፤ ሦስተኛ ሰው ይይልን» አልኳት። ሦስተኛው ሰውም «ይውጣ» አለ።

27 ነጥቦች ያሉት የ2020ው ፕሪዝማ፣ ለመግባት ተቃርበው የወጡ ጥናቶች ከነምክንያታቸው እንዲጠቀሱ ይጠይቃል። ስለዚህ ስሜ ከወጡት ጋር ይታተማል። እሱስ ይሁን። የከበደኝ ሌላ ነው፦ በዚያ ጥናት ተማምኜ ስንቱን ተማሪ «ይህ ይሠራል፣ ተረጋግጧል» ብዬዋለሁ?

ሰኞ ስኪል ላብ ገባሁ። አንዷ ተማሪ አሻንጉሊቱ ክንድ ላይ ደም ሥር እየፈለገች «ሲስተር፣ ይሄ እውነት ሰው ላይ ይረዳናል?» አለችኝ።

«ይመስለኛል» አልኩ። «እያጣራን ነው።»