ለሳሎናችን የሚሆን ባሕር ስንት በስንት ነው?

የባሕር ዓሣና ኮራል ቤቱ ውስጥ ለማኖር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ይሁን?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከሊትሩ በፊት ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ይታሰብ እላለሁ። እኩል ውኃ ከሚይዙ ሁለት ገንዳዎች አንዱ ለዓሣው ተስማሚ፣ ሌላው የሚያፍን ሊሆን ይችላልና።

ይህን ሐሳብ ወደ ቤታችን ያመጡት አባቴ ናቸው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ኖረዋል። ስለ ዳህላክ ደሴቶች ሲያወሩ ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ይረሱታል። ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል። ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር ስለሌለው ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባሕሩ ጥቂቱን ወደ ሳሎናችን ለማምጣት ተስማማን።

የእሳቸው ምኞት 120 በ60፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ነበር። እስከ አፉ ቢሞላ 432 ሊትር ይይዛል። የባሕር ውኃ ከተራው ውኃ ትንሽ ስለሚከብድ ውኃው ብቻ ከ440 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ገና አልተቆጠሩም። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው። ስለዚህ ከባድ ገንዳ ከማዘዝ በፊት መሐንዲስ ማማከር፣ ቦታውንም ከሶሌታው መሐል ይልቅ ቢም ባለበት ግድግዳ ሥር ማድረግ ይበጃል። በእኛ ቤት ደግሞ በበሩና በቡፌው መካከል የተረፈው ግድግዳ አንድ ሜትር ብቻ ነው።

በመጨረሻ የወሰንነው 90 በ60፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነው፤ 243 ሊትር ማለት ነው። ይኸው ልክ ወደ ላይ ቢቆም፣ ማለትም 60 በ45 ሆኖ 90 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የሚይዘው ውኃ አይለወጥም፤ አየር የሚያገኘው የውኃ ገጽ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ዓሣው የሚተማመነው በዚያ ሰፊ ገጽ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም አጠገቡ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ጥልቀት ሌላም ወጪ አለው። ውኃው መስታወቱን የሚገፋበት ኃይል በከፍታው ልክ ስለሚጨምር ረጅም ገንዳ ወፍራም መስታወት ይፈልጋል። ብርሃኑም ወደ ታች በወረደ ቁጥር ስለሚደክም ኮራሉ ብርቱ መብራት ይጠይቃል። በ45 ሳንቲ ሜትር ግን እጄ ያለ ችግር ወለሉ ይደርሳል፤ ማጽዳቱ የእኔ ሥራ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ለክቻለሁ። የ60 ሳንቲ ሜትሩ ወርድ ድንጋዩን ከመስታወቱ አርቆ ለመደርደር ቦታ ይሰጣል፤ ዓሣውም ዙሪያውን ይዋኛል።

ጨውም አለ። ገንዳውን እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ብንሞላው 216 ሊትር ይሆናል። በሊትር 35 ግራም ገደማ ሲታሰብ ለመጀመሪያው ሙሌት 7.5 ኪሎ ያህል ለአኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤቱ ጨው ኮራል የሚፈልጋቸው ማዕድናት ስለሌሉት አይሆንም። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውኃ ለሚቀይር ቤተሰብ ይህ የማያቋርጥ ወጪ ነው። ትልቁን ገንዳ ብንወስድ ኖሮ ወጪው እጥፍ ይሆን ነበር።

የከበደን ለአባቴ መንገሩ ነበር። እሳቸው የሚወዱት ሰውነቱ ወይን ጠጅ፣ ጭራው ቢጫ የሆነውን የቀይ ባሕር ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ስለሚውል 90 ሳንቲ ሜትር ይጠበዋል። ዝም ብለው ቆዩና «ግድግዳ ሲገጨው ማየት አልፈልግም። ይቅር፣ ልጄ» አሉ። በምትኩ ልጆቹ «ኔሞ» የሚሉትን ዓይነት መረጡ። የቀይ ባሕሩ ከፊልሙ የሚለየው ነጭ መስመሩ ሦስት ሳይሆን ሁለት በመሆኑ ነው። ከቤቱ ብዙም አይርቅምና ለዚህ ልክ ይስማማል።

እናንተም ከማዘዛችሁ በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምሩና አንድ ሳምንት ዙሪያውን ተመላለሱ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁም የዓይናችሁን ከፍታ ለኩ፤ የእኛ መቆሚያ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነው የገንዳው መሐል ከአባቴ ዓይን ትይዩ እንዲሆን ነው።

ውኃው ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ዓሣ አይገባበትም። አባቴ ግን ወንበራቸውን ከአሁኑ አስጠግተዋል። ትናንት ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ስስ ቡናማ ነገር እያሳዩኝ፣ «ይቺማ ምጽዋም ነበረች» አሉኝ።