እንግሊዝኛው ለማን ነው?

እስቲ አቦሉ እስኪፈላ፣ ሆጃ የሚወድም ሆጃውን ይዞ፣ ስለ ሥራ ማስታወቂያ እንጫወት። ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ ከተማ ላይ ከቡና ገበሬ ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያው ምን እንደሚል ሳታዩት ታውቁታላችሁ፤ በጽሑፍም በንግግርም እጅግ በጣም ጥሩ የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ ከሰው ጋር የመግባባት ብቃት፣ በቡድን የመሥራት ፍላጎት። ከሁሉ በታች ደግሞ «የአካባቢውን ቋንቋ ቢችል ይመረጣል» ትላለች፣ አንዲት ቀጭን መስመር። ከዚያው ከዳሮ ለቡ ወረዳ ገበሬ ጋር ቡና ጥላ ሥር ሲውል ለሚከርም ሰው አፋን ኦሮሞ «ቢችል ይመረጣል» ሆኖ እንግሊዝኛው ከላይ ተሰይሟል።

ወዲያው ደግሞ ያው ቀጣሪ «የዛሬ ተመራቂ እኮ ሁለት ዓረፍተ ነገር አያገናኝም» ብሎ ያማርራል። ስሞታው ውሸት ነው አልልም። የዞኑ ከተማ ጭሮ ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጎራ በሉና እዩ። ሲቪ የሚባለው ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቃል፤ ታታሪ ነኝ፣ በራሴ የምነሳሳ ነኝ፣ ጫና እቋቋማለሁ የሚለው የእንግሊዝኛ አንቀጽ የሁሉም ነው። የሚቀየረው ስምና ስልክ ብቻ ነው። አንዳንዴም የፊተኛዋ ባለጉዳይ ጾታ ሳይነካ ይቀርና ጢማሙ ልጅ ሴት ሆኖ ይመዘገባል። ቀጣሪው ሃምሳ ሲቪ ሲያገላብጥ ሃምሳ ጊዜ አንድ ሰው ያነባል።

ግን ይህ ተመራቂ መቼ ጽፎ ያውቅና ነው? መንገዱን እንከተለው። መቻራ የተወለደ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ያየዋል፣ አማርኛንም በዚያው መንገድ ይነካካዋል። ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ መስከረም እንግሊዝኛ ሆነው ይጠብቁታል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዳል፣ ተማሪው የተጻፈውን ይሸመድዳል። ከዚያ ምደባ ይወጣና ልጁ ጎንደር ወይም ወላይታ ይሄዳል፤ የጎጃሙ ልጅ በፈንታው ጭሮ፣ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። ሁለቱም በየሄዱበት ከተማ የሚለምዱት የአገሩ ቋንቋ ሻይ ለማዘዝና ለባጃጅ ሒሳብ ለመከራከር የሚበቃ ነው።

በዚህ ሁሉ ዓመት የሚጠብቁት ትልልቅ ፈተናዎች የምርጫ ጥያቄ ናቸው። በስምንተኛ ያጠቁራል፣ በአሥራ ሁለተኛ ያጠቁራል ወይም ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ በዩኒቨርሲቲው መውጫ ፈተናም ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያገኙት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥም ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ሆኑ፣ ከግል ተቋማት የመጡት ደግሞ ከመቶ 20 እንኳ አልሞሉም። ስለ ቁጥሩ ያልተከራከረ የለም። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱም ተማሪውን «እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ» እንደማይለው ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

ዩኒቨርሲቲው ምንም አላደረገም ማለት ግፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት ሲመለስ የመግባቢያ እንግሊዝኛ ሁለት ኮርስ ሆኖ ገብቷል። ስልሳ ሰው በታጨቀበት ክፍል ግን አንዱ ተማሪ አፉን የሚከፍትበት ተራ እስኪደርሰው ሴሚስተሩ ያልቃል። የግሩፕ አሳይመንት ነገርማ ተዉት! አንዱ ይሠራዋል፣ ሌላው ያስተይባል፣ ሌሎቹ ሽፋኑ ላይ ስማቸው እንዳይረሳ ይከታተላሉ። ፕሬዘንቴሽን ሲመጣም ያው የሠራው ልጅ ይወጣል፤ የቀሩት ከጎኑ ቆመው በክብር ያጅቡታል።

አሁን ወደ መቻራ እንመለስ፣ ልጁ ተቀጠረ። ጠዋት ከገበሬ ጋር በአፋን ኦሮሞ ያወራል። ለወረዳው በቁቤ ፊደል ደብዳቤ ይጽፋል። ቡና የሚገዛው ነጋዴ ከአዲስ አበባ ደውሎ በአማርኛ ያጣድፈዋል። ማታ ለዋናው ቢሮ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ይልካል። ሦስት ቋንቋ በአንድ ቀን! ሰው የሚቸገረው ደግሞ በማታው ሪፖርት አይደለም። የአምናው ሪፖርት አለ፣ ወሩን ቀይሮ ይልከዋል። ጭንቁ ያለው ጠዋት ነው።

የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን በአብዛኛው ሳያጥብ፣ ከነገለባው ነው የሚያደርቀው። ልጁ ተነስቶ «የእርጥበት መጠኑ ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም» ይላል። ልክ ነው፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። «ልጄ፣ አሥራ ሁለቱን በምን አየዋለሁ?» ይሉታል አንድ አዛውንት። ልጁ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ እንዳለ ይናገራል። መሣሪያው የት ነው? ቢሮ። ቢሮው ተቆልፏል። አብሮት ያለው ነባር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ግን ከማድረቂያው አልጋ ላይ አንድ ጭብጥ ጀንፈል ያነሳና ጆሮው ሥር ያንኮሻኩሸዋል። ፍሬው ገለባው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል። ከሌላው ዳር ያነሳውን ሲያንኮሻኩሽ ድምፅ የለም። «ይሄኛው አልደረሰም፣ ፀሐይ ጨምሩበት» ይልና ለአዛውንቱ ያቀብላቸዋል። መሣሪያውን የሚተካ አይደለም፤ ለላኪና ለገበያ ቁጥሩ ያስፈልጋል። ያን ዕለት ሥራውን የሠራው ግን ጭብጡ ነው።

ያ ወጣት ሰነፍ አይደለም። የሚያውቀውን ለሌላ ሰው እንዲያደርስ የጠየቀው አልነበረምና በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ያው ይሰናከላል። እንግሊዝኛ ብንጨምርለት በእንግሊዝኛ ይሰናከላል። ስለዚህ የቀጣሪዎቹን ስሞታ ስሰማ ግማሹን ወደ ራሳቸው እመልሰዋለሁ። ቃለ መጠይቁ «ስለ ራስህ ንገረን» በሚል እንግሊዝኛ ይጀመራል፣ ልጁ የሸመደደውን ይለቀዋል። ቁም ነገሩ ሲመጣ፣ ደመወዝ ስንት ትላለህ፣ መቼ ትጀምራለህ ሲባል፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገራሉ።

ይህች አገር ተማሪዋን የሚያውቀውን ለሌላ ሰው ማድረስ ማስለመድን ድሮ ሞክራው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ሳይዝ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆኖ። የአዲስ አበባው ልጅ በማያውቀው ከተማ ያለ ሃንድአውት፣ የሰው ፊት እያየ መናገር ይገደድ ነበር። የዛሬው የተግባር ልምምድ በአብዛኛው በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ፋይል በመደርደር ያልቃል።

እኔ መቻራ ላይ ሰው የምቀጥር ብሆን፣ እዚያው ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ሐረርጌ የቡና ዝርያዎች፣ ስለ ሀሩሳ ወይም ስለ ቡልቱም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አመጣለሁ። አመልካቹ ግማሽ ሰዓት ያንብበው፣ እንግሊዝኛው በዚያው ይፈተናል። ከዚያ ለገበሬ በቃሉ ያስረዳ፣ ለወረዳው አራት መስመር ይጻፍ፣ ለነጋዴው ይደውል። «ታዲያ ገበሬ ፈታኝ ሊሆን ነው?» የሚል አይጠፋም። ይሁና! አበልም ይታሰብለት።