«ጊቭ አፕ» ያለችኝ ምኑን ነበር?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን «ጊቭ አፕ» የምትለዋን ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ትርጉሟን የሚነግረኝ?» አሉ። እኔ ሆዬ እጄን ቀስሬ «ወደ ላይ ስጥ!» አልኳቸው። «ጊቭ» ስጥ ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ልትሆን ነው? ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም እየሳቁ «ተስፋ መቁረጥ ማለት ነው» ብለው አረሙኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ «ወደ ላይ ስጥ» የቅጽል ስሜ ሆና ቀረች።

ውድ አንባብያን፣ የመምህሬን ትርጉም እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ አደግኩ። «ጊቭ አፕ» ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ! መዘዙ የመጣብኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር አምስት ዓመት አብረን ቆይተናል። (ጓደኛዬ ስላችሁ መቼም ገብቷችኋል!) እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዲግሪ ተመረቀች። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቀን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እንዲህ ለጋዜጣ እሞነጫጭራለሁ። በዲግሪዋ አንድም ቀን ኮርታብኝ አታውቅም። እኔን ግን ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር። በእንግሊዝኛ መልእክት ስትልክልኝ ያልገባኝን እንደገባኝ ሆኜ «ኦኬ» ብዬ እመልሳለሁ። አይ ኩራት!

ውጭ አገር ማስተርሷን የምትማርበት ዕድል ሲመጣላት ፎርሙን የተየብኩት፣ ማስረጃዋን ኮፒ ያደረግኩት እኔው ነኝ። የመለያያችንን ወረቀት በገዛ እጄ የማባዛ መሰለኝ። «ሄደሽ ትረሺኛለሽ» ስላት ትስቅብኛለች።

የመሄጃዋ ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «አይ ጌቭ ኢት አፕ። ዊ ኒድ ቱ ቶክ።» ይላል።

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። «ጌቭ» የ«ጊቭ» ያለፈ ጊዜ ነው፤ እስከዚህ አውቃለሁ። መሐል ላይ የተሰነቀረችው «ኢት»ስ? ፍቅራችን ነዋ! ሌላ ምን አለን? ተስፋ ቆርጣለች፣ እንነጋገር ያለችውም ስለ መለያየቱ ነው። እንዲህ ብዬ ደመደምኩ።

«ምኑን?» ብዬ አንዲት ቃል ብጠይቃት ምን ነበረበት? ግን እንግሊዝኛ አይገባውም እንዳትለኝ ፈራሁ። «ኦኬ» ብዬ መለስኩና ስልኬን አጠፋሁ። በነጋታው ሲም ካርዴን ቀየርኩ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ ነበር። ጓዳ ገብቼ «ለቋል በላት» አስባልኩ። በመጋረጃው ቀዳዳ ጀርባዋን አየሁት።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ የሐኪም ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ መጣች።

«እህትሽ እንዴት ናት? እዚያ ለመደች?» አልኳት።

«የት?» አለችኝ አፍጥጣ።

«ውጭ ነዋ!»

«ወንድም ጋሼ፣ እሷ እኮ አልሄደችም! እማዬ ስትታመም ዕድሉን ተወችው። አልነገረችህም እንዴ?»

ነግራኛለች። «አይ ጌቭ ኢት አፕ» ብላ ነግራኛለች! ማሽኑ ወረቀት ጨርሶ ሲጮህ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ያን ማታ ገጿ የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላቴን ከአልጋ ስር አውጥቼ ገለጥኩ። ለካ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ብቻ አይደለችም! አውቶቡስ ውስጥ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር መልቀቅም «ጊቭ አፕ» ነው። ይሄኛው በዓይን የሚታይ መልቀቅ ነው። ሲጋራ ወይም ጫት ማቆምም በዚችው ቃል ይነገራል። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ራሱ ሄዶ እጁን ሲሰጥም እንዲሁ። ለምትወደው ሰው ብለህ የራስህን ነገር ስትተውም ያው ናት። «ኢት» መሐል ስትገባ ደግሞ የተተወ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ተናጋሪው ነው።

እኛስ ብንሆን «እጅ መስጠት» እንል የለ? አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን አልሰጡም ሲባል ስለ መዳፍ የሚያስብ ማን አለ?

የዚችን ቃል ሁለት ፊት አንድ ላይ ያየሁት ግን በአሜሪካዊቷ በሮዛ ፓርክስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው፤ ቦታው አላባማ ውስጥ ሞንትጎመሪ የምትባል ከተማ። ይህች የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ከሥራ ወደ ቤቷ በአውቶቡስ ትመለሳለች። የነጮቹ ወንበር ሲሞላ ሾፌሩ እሷንና ሌሎች ሦስት ጥቁር ተሳፋሪዎችን «ተነሱ!» አላቸው። ሦስቱ ተነሱ፤ እሷ አልነሳም አለች። ታሰረች፣ የፍርድ ቤት ወጪውን ጨምሮ 14 ዶላር ተቀጣች። የከተማዋ ጥቁሮች ግን 381 ቀን ሙሉ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ኳተኑ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1956 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አውቶቡስ ላይ በዘር መለያየቱን አስቀረው። ሰው ሁሉ «እግሯን ደክሟት ነው ያልተነሳችው» ይላል። እሷ ግን በሕይወት ታሪኳ እንደገለጸችው፣ የሰለቻት ሁልጊዜ መሸነፉ ነበር።

አያችሁልኝ? ሮዛ ወንበሯንም አለቀቀችም፣ ተስፋዋንም አልቆረጠችም። የኔዋ ደግሞ ወንበሯን ለእናቷ ብላ ለቀቀች፣ ተስፋዋን ግን አልቆረጠችም ነበር። ሁለቱ ለየቅል ናቸው! እኔ ብኩኑ ነኝ አንድ ያደረግኳቸው።

በነጋታው ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ አልጋ ላይ ሆነው «የት ጠፋህ ልጄ?» ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ቡና አቀረበችልኝ። ሁሉንም ዘከዘክሁላት… ጓዳ መደበቄን፣ ሲም ካርዱን፣ እስከ «ወደ ላይ ስጥ» ድረስ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ያን ቀን እኮ እንነጋገር ያልኩህ ማስታመሙ ብቻዬን ስለከበደኝ ነው» አለችኝ።

«አሁንስ?» አልኳት።

ስኒዋን አስቀመጠች። «አሁን ደግሞ ያንተን ነገር ተውኩት» አለች፤ በአማርኛ።

ለዚህኛው መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። እንግሊዞቹ አንዲት ትንሽ ቃል ጨምረው «ጊቭ አፕ ኦን» ይሉታል፤ ከሰው ላይ ተስፋ መቁረጥ።

እና ወጣት አንባብያን፣ ዛሬ ከተማችን ውስጥ ግማሹ ወሬ እንግሊዝኛ ነው። «ጊቭ አፕ አድርጌያለሁ» የሚል ሞልቷል። ፍሬንድሽ እንዲህ ሲልሽ፣ ጓደኛህ እንዲህ ስትልህ፣ ከመኮራረፋችሁ በፊት «ምኑን?» በሉ። ያልገባን መጠየቅ ፋራነት አይደለም። ፋራነቱ እንደ እኔ «ኦኬ» ብሎ ጓዳ መግባቱ ነው! የምትናገሩትም ብትሆኑ፣ ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን ከባድ ነገር ከሦስት ቃል በላይ ስጡት፤ በሚገባችሁ ቋንቋ።

አሁን እሑድ እሑድ እናቷን ልጠይቅ እሄዳለሁ። መድኃኒት የጎደለ እንደሆነ እኔ ነኝ የምሮጠው። «ተመለሽልኝ» እያልኩ አልጨቀጭቃትም። ወንበሩን ለቅቄያለሁ። ተስፋዬን ግን… እሱን ዘጠነኛ ክፍል እንዳልኩት ወደ ላይ ሰጥቼዋለሁ።